ቅዱስ ዮስጢኖስ ሰማዕትና በልቡና የተዘራው ዕውቀት

ዮስጢኖስ በ100 ዓ.ም. ገደማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሰማርያ፥ በጥንቷ ሴኬም አጠገብ በተሠራችው በፍላቭያ ኔያፖሊስ ከአረማውያን ወገን ተወለደ። ከተማዪቱ ዛሬ ናብሉስ ትባላለች። ልቡ እግዚአብሔርን ለማወቅ ይናፍቅ ነበርና የፈላስፎችን ደጅ መጥናት ጀመረ።

አስቀድሞ ወደ አንድ የኢስጦኢኮች መምህር ሄደ። መምህሩ ግን ስለ እግዚአብሔር የሚያውቀው አልነበረም፤ ማወቁም አያስፈልግም ባይ ነበር። የአርስጣጣሊስ ተከታይ የሆነው ሁለተኛው መምህር በጥቂት ቀን ውስጥ የደመወዙን ነገር እንቍረጥ አለው። ጥበብን እወዳለሁ ከሚል ሰው ይህን መስማት ያሳዝናል! የፒታጎራስ ወገን የሆነው ሦስተኛው፥ ዜማን፥ የከዋክብትን ትምህርትና የመሬት ስፍርን ሳትማር አልቀበልህም ብሎ መለሰው። በመጨረሻ የአፍላጦንን ትምህርት አገኘና ደስ አለው።

አንድ ቀን በባሕር አጠገብ ብቻውን ሲመላለስ አንድ ሽማግሌ አገኘው። ሽማግሌውም ፈላስፎች እግዚአብሔርን ሳያዩትና ካየው ሳይሰሙ ስለ እርሱ በእውነት እንዴት ሊናገሩ እንደሚችሉ ጠየቀው፤ ወደ ነቢያትም መራው። ዮስጢኖስ አመነ። ነገር ግን የፈላስፎችን ካባ አላወለቀም፤ እንደ ለበሰ በሮም አስተማረ።

በዚያ ዘመን ክርስቲያኖች አምላክ የለሾች ናቸው ተብለው ይገደሉ ነበር። ስለዚህ በ155 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሡ ለአንጦኒኖስ ፒዮስ የዕቅበተ እምነት መጽሐፍ ጻፈ፤ ሁለተኛም አስከተለ። በእነዚህም አምላክ የሚለው ቃል፥ ቃል ሊገልጠው ስለማይችል ነገር በሰው ባሕርይ የተተከለ ዕውቀት መሆኑን አስረዳ። ዘሩን የዘራ ቃለ እግዚአብሔር ስለ ሆነ፥ እንደ ቃል የኖረ ሁሉ፥ አምላክ የለሽ ተብሎ የተገደለው ሶቅራጥስ እንኳ፥ ከእርሱ ጋር ኖሯል አለ።

ታዲያ ዕውቀቱ በሁሉ ከተዘራ ነቢያት ለምን አስፈለጉ? ፈላስፎችስ ስለ ምን ተጣሉ? እኔ የዚህን ቅዱስ ብልሃት የማደንቀው በዚህ ላይ ነው፤ ዘርና ፍጹሙ ነገር አንድ አይደሉም ብሎ መለሰ። እያንዳንዱ ፈላስፋ በተካፈለው መጠን መልካም ተናገረ፤ ሙሉውን ቃል ስላላወቁ ግን እርስ በርሳቸው ተቃረኑ። ስለዚህ በዮስጢኖስ ዘንድ ማመን አእምሮን መካድ ሳይሆን አእምሮ የጀመረውን መፈጸም ነበረ።

በ165 ዓ.ም. ገደማ ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር ተይዞ በሮም ገዥ በዩንዮስ ሩስቲኮስ ፊት ቆመ። ሩስቲኮስ የንጉሡ የማርቆስ አውሬልዮስ መምህር የነበረ፥ ዮስጢኖስ በወጣትነቱ ከተዋቸው ከኢስጦኢኮች ወገን የሆነ ፈላስፋ ነው። ዳኛውም ራስህ ቢቈረጥ ወደ ሰማይ የምትወጣ ይመስልሃልን ብሎ ጠየቀው። ዮስጢኖስም የሚመስለው ሳይሆን የሚያውቀውና የተረዳው ነገር መሆኑን መለሰ። ለአማልክት እንዲሠዉ ቢታዘዙም ሰባቱም እምቢ አሉ፤ ተገርፈውም አንገታቸውን ተሰየፉ።