የኤም ስትሪት ትምህርት ቤት ዲሬክተር፤ የወይዘሮ አና ጁሊያ ኩፐር የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤት ውስጥ በዘር ምክንያት የሚደረግ አድልዎ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው በዓይን በሚታዩት ነገሮች ነው። ሕንፃው፥ ወንበሩ፥ መጽሐፉና የመምህራኑ ቍጥር ይታያል፤ የጐደለውም ይሟላ ዘንድ አቤቱታ ይቀርባል። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ የጠለቀ ሌላ አድልዎ አለ፤ ይኸውም ልጁ ገና ትምህርቱን ሳይጀምር፥ የመልኩን ጥቍረት ብቻ በማየት፥ ትምህርት እስከዚህ ድረስ ይበቃዋል ተብሎ ወሰን ሲበጅለት ነው። በአሜሪካ አገር በዋሺንግተን ከተማ ያስተማሩት ወይዘሮ አና ጁሊያ ኩፐር ረዥም ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ይህን ወሰን በመቃወም ነው። በዚሁም ምክንያት ሹመታቸውን አጥተዋል፤ ከመምህርነት ግን አልተለዩም።

አና የተወለዱት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. በኖርዝ ካሮላይና በራሌ ከተማ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። እናታቸው ሐና ስታንሊ በባርነት የሚኖሩ ሴት ስለ ነበሩ፥ በዘመኑ ሕግ መሠረት ልጃቸውም ባሪያ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ከእናታቸው ጌቶች ቤተ ሰብ የሆነ ነጭ ሰው እንደ ነበረ ይታመናል። በ1865 ዓ.ም. የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ሲፈጸምና ባርነት ሲሻር አና ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ነፃ ለወጡት ሰዎች መምህራንን የሚያዘጋጅ ቅዱስ አውግስጢኖስ የተባለ ትምህርት ቤት በራሌ አቋቋመች። አና በ1868 ዓ.ም. ወደዚያ ገቡ፤ ትምህርት በቶሎ ይገባቸው ስለ ነበረም ብዙ ሳይቈዩ ጓደኞቻቸውን ወደ ማስተማር ደረሱ። በዚያ ትምህርት ቤት የግሪክ ቋንቋ የሚሰጠው ለክህነት ለሚዘጋጁ ወንዶች ብቻ ነበር። አና ለሴት የማይገባ ትምህርት መኖሩን ስላልተቀበሉ ለትምህርት ቤቱ ኀላፊ አቤት ብለው ወደ ክፍሉ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። የግሪክ ቋንቋ መምህር የነበሩትን ጆርጅ ኩፐርንም በ1877 ዓ.ም. አገቡ፤ ነገር ግን ባላቸው በ1879 ዓ.ም. ሲሞቱ አና በ21 ዓመታቸው መበለት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሌላ ባል አላገቡም።

በ1881 ዓ.ም. በኦሃዮ ወደሚገኘው ወደ ኦበርሊን ኮሌጅ ሄዱ። ይህ ኮሌጅ ሌሎቹ ብዙዎች በራቸውን በዘጉበት ዘመን ጥቍሮችንና ሴቶችን ተቀብሎ ያስተምር ነበር። በዚያም ለሴቶች ቀለል ያለ አጭር ትምህርት ተዘጋጅቶ ሳለ፥ አና ለወንዶች የተመደበውን የአራት ዓመት ትምህርት መረጡ። በ1884 ዓ.ም. ከሜሪ ቸርችና ከአይዳ ጊብስ ጋር ተመረቁ፤ በ1887 ዓ.ም. ደግሞ በሒሳብ የማስተርስ ማዕርግ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የጥቍሮች ልጆች ወደሚማሩበት ወደ ዋሺንግተን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመምህርነት ተጠሩ።

ይህ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው በ1870 ዓ.ም. በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። በ1891 ዓ.ም. ኤም ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ የራሱ ሕንፃ ተሠርቶለት በመንገዱ ስም ይጠራ ጀመር። የዋሺንግተን ትምህርት ቤቶች በዘር የተለያዩ ስለ ነበሩ ጥቍር ልጅ ከነጭ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ሊቀመጥ አይችልም ነበር። ነገር ግን ይኸው አድልዎ ያልታሰበ ውጤት አመጣ። በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ጥቍሮች በነጮች ኮሌጆች ለማስተማር ስላልተፈቀደላቸው ብዙዎቹ በዚህ ትምህርት ቤት መምህራን ሆኑ። በ1899 ዓ.ም. ለከተማው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተሰጠው ፈተናም የኤም ስትሪት ተማሪዎች ከሦስቱ የነጮች ትምህርት ቤቶች ሁለቱን በለጡ። እንግዲህ ጥቍር ልጅ ከፍተኛውን ትምህርት መቀበል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር በወረቀት ላይ መልስ አግኝቶ ነበር።

ወይዘሮ አና ከማስተማሩ ሥራ ጋር በ1892 ዓ.ም. ከደቡብ የመጣ ድምፅ የሚል ትርጕም ያለው መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህም መጽሐፍ ጥቍር ሴት ካልተማረች ሕዝቧ ከወደቀበት ሊነሣ እንደማይችል አስረዱ። በ1900 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ በተደረገው በመጀመሪያው የመላው አፍሪካ ጉባኤ ላይም ከተናገሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበሩ። በዚሁ ጉባኤ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንደራሴ ሆነው የቀረቡት የሄይቲ ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቬን ስለ ነበሩ፥ የኢትዮጵያ ስም ወይዘሮ አና በተቀመጡበት አዳራሽ ተሰምቷል።

በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወይዘሮ አና የኤም ስትሪት ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነው ተሾሙ። በዚያን ጊዜ ስለ ጥቍሮች ትምህርት ሁለት ዐይነት አሳብ ነበረ። በአላባማ የተስኪጊን ትምህርት ቤት የመሠረቱት ቡከር ዋሺንግተን፥ ሕዝቡ አስቀድሞ እርሻና የእጅ ሥራ ተምሮ በኑሮው ይቋቋም ይሉ ነበር። ዶክተር ዱ ቦይስ ደግሞ ተሰጥዎ ያላቸው ልጆች ወደ ከፍተኛ ትምህርት ካልደረሱ ሕዝቡ መሪ አያገኝም ሲሉ ተከራከሩ። የፊተኛው አሳብ በብዙ ነጭ ባለ ሥልጣኖችና ባለ ጸጎች ዘንድ ተወደደ፤ ከእነርሱም ውስጥ ጥቍሩ ከእጅ ሥራ በላይ እንዳይመኝ ስለ ፈለጉ ብቻ የደገፉት ነበሩ። ወይዘሮ አና የእጅ ሥራን የሚንቁ አልነበሩም፤ ለልጁ የሚስማማው ትምህርት በችሎታው እንጂ በመልኩ መመረጥ የለበትም የሚል ጽኑ እምነት ግን ነበራቸው።

ስለዚህ በኤም ስትሪት የላቲን፥ የሒሳብ፥ የሳይንስና የታሪክ ትምህርት ከነጮቹ ትምህርት ቤቶች እንዳያንስ አጥብቀው ጠበቁ። ወደ ኋላ የቀረውን ተማሪ ከማሰናበት ይልቅ የሚረዳበትን መንገድ ይፈልጉ ነበር። ተማሪዎቻቸው ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡበትንም መንገድ አበጁ፤ በዘመናቸው ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች በሃርቫርድ፥ በብራውን፥ በኦበርሊንና በሌሎችም ኮሌጆች ተቀባይነት አገኙ። በ1902 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ በጀመረው ክረምት ዶክተር ዱ ቦይስ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው፥ የጥቍር ልጆችን ትምህርት ለማሳነስ የሚደረገውን ሙከራ የሚነቅፍ ንግግር አደረጉ። ይህም ንግግር የትምህርት ባለ ሥልጣኖችን አላስደሰተም።

ከወይዘሮ አና በላይ የነበሩት የከተማው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኀላፊ ነጭ ነበሩ። በእኒህ ኀላፊና በወይዘሮ አና መካከል የነበረው አለመስማማት እየከረረ ሄዶ በ1905 ዓ.ም. በትምህርት ቦርዱ ፊት ክስ ሆነ። ሥነ ሥርዓት አላስከበሩም፥ በተፈቀደው መጽሐፍ አላስተማሩም፥ ለበላዮቻቸው አይታዘዙም፥ ደካማ ተማሪዎችንም ያለ አግባብ ይታገሣሉ ተባሉ። በዚህም ሳይበቃ፥ በቤታቸው ያሳደጉትን ሰው ምክንያት በማድረግ ክብራቸውን የሚነካ ሐሜት በከተማው ተነዛ። ጋዜጦች ነገሩን ተቀባበሉት፤ የከተማው ጥቍር ሕዝብም ተከፋፍሎ ከፊሉ ሲደግፋቸው ከፊሉ ተዋቸው። ወይዘሮ አና ግን የትምህርቱን ደረጃ ዝቅ በማድረግ ሹመታቸውን ለማዳን አልሞከሩም። በ1906 ዓ.ም. ቦርዱ ሹመታቸውን ሳያድስ ቀረ። የሕይወት ታሪካቸውን ከጻፉት ሊቃውንትም ብዙዎቹ የክሱ ዋና ሥር የትምህርቱ ደረጃ እንደ ነበረ ያምናሉ።

ከዚህ በኋላ በሚዙሪ፥ በጀፈርሰን ከተማ በሚገኘው የጥቍሮች ኮሌጅ እስከ 1910 ዓ.ም. ድረስ ቋንቋ አስተማሩ። በዚያ ዓመት በዋሺንግተን አዲስ የትምህርት ቤቶች የበላይ ኀላፊ ተሹመው ስለ ነበረ ወደ ኤም ስትሪት እንዲመለሱ ተጠሩ፤ የተሰጣቸው ቦታ ግን የዲሬክተርነት ሳይሆን የላቲን መምህርነት ነበር። ብዙ ሰው በዲሬክተርነት ወዳዘዘበት ቤት ተራ መምህር ሆኖ መመለስን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል። ወይዘሮ አና ግን ተመለሱ፤ ትምህርት ቤቱ በ1916 ዓ.ም. ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛውሮ በባለቅኔው በፖል ሎረንስ ደንባር ስም ከተሰየመም በኋላ በዚያው ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

በዕረፍት ወራትም ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ፥ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በ1915 ዓ.ም. የወንድማቸውን አምስት የልጅ ልጆች ተቀብለው ለማሳደግ ቤት ገዙ፤ ከልጆቹም አንዷ ገና ሕፃን ነበረች። ኮሎምቢያ የዶክትሬት ተማሪ በዚያ እንዲኖር ግድ ስለሚል፥ ልጆቹንና ሥራቸውን ትተው መሄድ አልቻሉም። በመጨረሻም ትምህርታቸውን ወደ ፓሪስ ወደ ሶርቦን አዛወሩ። በ1925 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ በ66 ዓመታቸው፥ ፈረንሳይ በአብዮቷ ዘመን ስለ ባርነት የነበራትን አቋም በሚመረምር ጽሑፍ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ባሪያ ሆነው የተወለዱት ሴት የባርነትን ታሪክ በፈረንሳይኛ ቋንቋ በሊቃውንት ፊት አስረዱ።

በ1930 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ፍሬሊንግሃይሰን የተባለውን ትምህርት ቤት በፕሬዚደንትነት ለመምራት ተቀበሉ። ይህ ቀን ሥራ ሲሠሩ ውለው ማታ ለሚማሩ ጥቍር ሠራተኞች የቆመ ተቋም ነበር። ገንዘብ ሲያጥረውና ማረፊያ ሲያጣ የገዛ ቤታቸውን ለመማሪያ ክፍል ሰጡ። የሙያ ትምህርትም ከቀለም ትምህርት ጋር ይሰጥበት ስለ ነበረ፥ በኤም ስትሪት የተጣሉት ከእጅ ሥራ ጋር እንዳልነበረ ይህ ተግባራቸው ያስረዳል።

ከኤም ስትሪት በ1911 ዓ.ም. የተመረቁት ቻርልስ ሂውስተን በኋላ የሕግ ሊቅ ሆነው፥ የትምህርት ቤቶችን የዘር ልዩነት በፍርድ ቤት የሚቃወመውን ትግል መሩ። እርሳቸው በ1950 ዓ.ም. ቢሞቱም፥ ያሠለጠኗቸው ጠበቆች ትግሉን ቀጥለው በ1954 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልዩነቱ ሕገ ወጥ መሆኑን ፈረደ፤ በዋሺንግተን ትምህርት ቤቶች ላይም ያንኑ ዕለት ተመሳሳይ ፍርድ ሰጠ። ወይዘሮ አና ይህን በ95 ዓመታቸው ለማየት በቁ። በየካቲት ወር 1964 ዓ.ም. በ105 ዓመታቸው ዐርፈው፥ ከ84 ዓመታት በፊት በሞት በተለዩዋቸው በባላቸው አጠገብ በራሌ ተቀበሩ።

የወይዘሮ አና ኩፐር ሕይወት አንድ ዲሬክተር ብቻውን የአገርን ሕግ ሊለውጥ እንደማይችል ያስረዳል። ኤም ስትሪት ምንም ያህል ቢሠለጥን የተለየ ትምህርት ቤት መሆኑ አልቀረም፤ ይህንንም የሻረው ፍርድ ቤት ነው። ነገር ግን ፍርዱ እስኪመጣ ድረስ በነበሩት ዓመታት በየዕለቱ ወደ ክፍል የሚገባው ልጅ ሊጠብቅ አይችልም ነበር። ምን እንደሚማርና ምን ያህል እንደሚጠበቅበት የሚወስኑት ከፊቱ የቆሙት መምህርና በቢሮ የተቀመጡት ዲሬክተር ናቸው። ወይዘሮ አና በዚህ በእጃቸው በነበረው ሥልጣን ልጁን የሚያሳንስ ውሳኔ አልፈረሙም። መምህራንና የትምህርት ሹማምንት ዘር፥ ቋንቋ ወይም የትውልድ ቦታ ለይቶ የሚመጣ የትምህርት ወሰን ባጋጠማቸው ጊዜ ይህን የሕይወት ታሪክ ማስታወስ ይገባቸዋል።