ምንትዋብ፦ ከእመቤታችን እግር ሥር ያሉት እቴጌ

ፎቶ ከመለጠፋችን በፊት አሥር ፊልተር የምንሞክር ሰዎች እቴጌ ምንትዋብን ብናውቃቸው አይከፋም። ስማቸው ራሱ እንዴት ያለች ውብ እንደማለት ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር።

የቋራ ሰው ናቸው። አፄ በካፋ በቋራ ሲያልፉ ታመው ያስታመመቻቸውን ቆንጆ ልጅ አገቡ የሚባል ወግ አለ፤ ወግነቱን ይዘን እንለፈው። በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እናትየውም ዘውድ ጭነው አብረው ነገሡ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሥዕላቸው ነው። ከኛ ከአዴት ባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ ከዚያ በጀልባ ጣና ላይ ደቅ ደሴት አጠገብ እሳቸው ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይገኛል። እዚያ መቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ እቴጌዋ ከእግሯ ሥር ተደፍተዋል። ንግሥት መሬት ላይ! ልብሱን ግን እዩልኝ፣ ጌጡ ዓይን ይይዛል። የዚያ ዘመን ሰዓሊዎች ፊትን ሞላ፣ ዓይንን ሰፋ አድርገው፣ ጉንጩን በጥላ እያለሰለሱ ይስሉ ነበር፤ ልብስ ላይማ አይሰስቱም። በቀይ ባሕር በኩል ከሕንድ የሚመጣውን ጨርቅ የመሰለ ቅዱሳኑ ላይ ሳይቀር ይታያል። በአገራችን ሥዕል ደግሞ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። ቁንጅናና ጽድቅ ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ሴት እንዴት ትነግሣለች ለሚል የጎንደር መኳንንት ይህ ሥዕል በቂ መልስ ይመስለኛል።

ሐሜቱ ግን አልቀረላቸውም። ከባላቸው ሞት በኋላ በዕድሜ ከሚያንሷቸው ከግራዝማች ኢያሱ ጋር ሲወዳጁ ሰውየውን ምልምል ኢያሱ እያሉ አላገጡበት። ወንድ ንጉሥ ስንት ቁባት ሲያስቀምጥ ማን ምን አለ? ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። አንዷ ወለተ እስራኤል ወደ ጎጃም ተዳረች፤ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ የእሷ ልጅ ናቸው። ደማቸው እኛ አገር ገብቷል እኮ።

ልጃቸው አፄ ኢያሱ በ1755 ሞቱ። የልጅ ልጃቸውን አፄ ኢዮአስን በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደሏቸው። ከዚያ በኋላ ነው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ራሳቸው ባሠሩት ቁስቋም ያገኛቸው። በ1773 አረፉ።

ናርጋ ከሄዳችሁ የስልካችሁን ፍላሽ አጥፉ።