ሕመምተኛውን ከመንደር ያልነጠሉት ሐኪም

ፕሮፌሰር ቶማስ አዴዮዬ ላምቦ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1923 በናይጄሪያዋ አቤኦኩታ ከተማ ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ሕክምና ተምረው፣ በለንደን በአእምሮ ሕክምና ሠለጠኑ። በዚያ ዘመን በቅኝ ገዢዎች የተሠሩት የ«እብዶች» መጠለያዎች ከወህኒ ቤት ብዙም የሚለዩ አልነበሩም።

ላምቦ በ1954 አገራቸው ተመልሰው የአሮን የአእምሮ ሆስፒታል ሲረከቡ ግንባታው ገና አላለቀም። ሌላ ሰው ቢሆን በጀት ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን በአካባቢው ካሉ መንደሮች ቤት ተከራዩ። ሕመምተኛው ምግብ የሚያበስልለትና የሚያስታምመው አንድ ዘመድ ይዞ ይመጣል። ቀን ሆስፒታል ይታከማል፤ ማታ ከመንደሩ ሰው ጋር ያመሻል። የባህል ሐኪሞችንም ሳይንቁ አብረው አሠሩ። አሠራሩ በዓለም ዙሪያ ስማቸውን አስጠራ።

ብዙ የማይነገርላቸው ሥራቸው ደግሞ ከተማሪዎች ጋር የተያያዘ ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ የሚማሩ ናይጄሪያውያን ወጣቶች የገጠማቸውን የማኅበራዊ ኑሮና የጤና ችግር አጥንተው፣ ሪፖርቱ በ1960 ታተመ። በዚያው ዓመት፣ በአሮ የሠራው ካናዳዊ ሐኪም ሬይመንድ ፕሪንስ በናይጄሪያ ተማሪዎች ላይ ያየውን ሕመም ይፋ አደረገ። ተማሪዎቹ ራሳቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ያነበቡት አይገባቸውም፤ ዓይናቸው ይደክማል። እነሱ ራሳቸው የአእምሮ ዝለት ይሉት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ልጅ ግን ሕመሙን የሚደብቀው ብዙውን ጊዜ ስሙን ስለማያውቀው፣ አውቆም የሚሰማው ስለሚያጣ ነው።

ላምቦ በኋላ የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ምክትል ቻንስለር፣ ከ1973 እስከ 1988 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ምክትል ዋና ዳይሬክተር ሆነው አገለገሉ። በ2004 ሲያርፉ አገራቸው የምትተዳደረው ገና በአሮጌው የ«እብዶች» ሕግ ነበር። አዲሱ የአእምሮ ጤና ሕግ የተፈረመው በ2023 ነው። ሕግ ከሰው ዘግይቶ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የአእምሮ ሕመሞች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ይህ ዕድሜ የትምህርት ቤት ዕድሜ ነው። በድሃ አገር የአእምሮ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ትምህርት ቤት ግን ከሆስፒታል ይልቅ ለልጁ ይቀርባል። ለወጣቶች የላምቦ መንደር ሊሆን የሚችለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። የአሮ መንደር የሠራው ከጀርባው ሆስፒታል ስለነበረው ነው። 60 እና 70 ተማሪ ለያዘ መምህር አጭር ሥልጠና ሰጥቶ፣ የከበደውን ልጅ ወዴት እንደሚልክ ሳይነግሩ መሄድ የላምቦን ሥራ መድገም አይደለም። ሸክሙን ከሐኪም ትከሻ አውርዶ በመምህሩ ላይ መጫን ነው።