ሊትል ዋልተር፦ ከትንሿ ሃርሞኒካ ታላቅ ድምፅ ያወጣው ሰው

በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በሁሩሙ ክራር ሲደረደር ያዳመጠ ሰው፣ ደርዳሪው ቅኝት ሊለውጥ ሲሻ ክሮቹን ሲያጠብቅና ሲያላላ ያስተውላል። ዋሽንት ነፊም ርዝመታቸው የተለያየ ዋሽንቶችን ይይዛል። በኪስ የምትያዘው ሃርሞኒካ ግን ከፋብሪካ የምትወጣው በአንድ ቅኝት ተቃኝታ ነው፤ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ማጥበቅም ማላላትም የለም። ይህችን መሣሪያ የብሉዝ ሙዚቃ መሪ ድምፅ ካደረጉት ሰዎች ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ሊትል ዋልተር ነው።

ሙሉ ስሙ ማሪየን ዋልተር ጄከብስ ነው። በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ ማርክስቪል በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1930 እንደ ተወለደ በተለምዶ ይነገራል። በ12 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ያገኘውን ሥራ እየሠራና በየጎዳናው እየተጫወተ ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ቺካጎ ደረሰ። በዚያም ከደቡብ የእርሻ አገር የፈለሱ ጥቁር አሜሪካውያን በሚገበያዩበት የማክስዌል ጎዳና ገበያ፣ አላፊ አግዳሚው በሚጥልለት ሳንቲም ይተዳደር ጀመር።

የጥበቡ ምሥጢር የዜማን ማረፊያ መለወጥ ነው። ሃርሞኒካ 10 ቀዳዳዎች አሏት፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ሲነፋ አንድ፣ ትንፋሽ ሲሳብ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። በ«ሲ» የተቃኘች ሃርሞኒካ ዜማዋ በዚያው በ«ሲ» ሲያርፍ አንደኛው አቋም ይባላል፤ ለቀላል መዝሙር የሚስማማ ነው። በሁለተኛው አቋም ተጫዋቹ ያችኑ ሃርሞኒካ ይዞ ማረፊያውን ወደ «ጂ» ያዞራል፤ ይህም ሁለተኛው ቀዳዳ ሲሳብ የሚገኘው ድምፅ ነው። የሚሳቡትን ድምፆች የአፍንና የጉሮሮን ቅርጽ በመለወጥ ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል፣ መሣሪያዋ እንደ ሰው ታንጎራጉራለች። በሦስተኛው አቋም ማረፊያው «ዲ» ሲሆን ዜማው ይበልጥ ትካዜ ያጠላበታል።

ሁለተኛውን አቋም ዋልተር አልፈጠረውም፤ አርአያው የነበረው ጆን ሊ ዊሊያምሰን አስቀድሞ በሸክላ አስፋፍቶታል። ዋልተር ግን ማይክሮፎኑን ከሃርሞኒካው ጋር በሁለት እጆቹ መካከል አፍኖ ከጊታር ማጉያ ጋር አገናኘው። ድምፁ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከከበሮ ጋር የሚፎካከር፣ እንደ ሳክስፎን የወፈረ ሆነ። ሦስተኛውን አቋምም ቁልፍ ባላት ክሮማቲክ ሃርሞኒካ ጭምር አዘወተረው።

በመዲ ዋተርስ ቡድን ውስጥ ሳለ ግንቦት 12 ቀን 1952 እ.ኤ.አ. «ጁክ» የተባለውን ቃል አልባ ዜማ ቀረጸ። ዜማው በአሜሪካ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ለ8 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ዋልተርም የራሱን ቡድን ይዞ ወጣ፤ እስከ 1958 ድረስ 14 ሥራዎቹ ከምርጥ አሥሮቹ ተርታ ገቡ። ከነዚህም በ1955 የወጣው «ማይ ቤብ» እንደገና አንደኛ ወጣ።

ዝናው ግን ሕይወቱን አላረጋጋለትም። መጠጥና ቁጡ ጠባይ ተደጋጋሚ ጠብ ውስጥ ከተቱት፤ ጤናውም ሥራውም እያደር ተዳከመ። በየካቲት 1968 አንድ ሌሊት፣ በምሽት ክበብ በሥራ እረፍት ላይ ሳለ ተደባደበ። ከዚያም እንደ ተኛ የካቲት 15 ቀን ሕይወቱ አለፈ። በተለምዶ በሚነገረው የልደት ዘመኑ ቢቆጠር ገና 37 ዓመቱ ነበር።

መቃብሩ እስከ 1991 ድረስ ምልክት አልነበረውም፤ የጽሑፍ ድንጋይ ያቆሙለት አድናቂዎቹ ናቸው። በ2008 ስሙ በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሰፈረ። ዛሬም ብሉዝ በሃርሞኒካ የሚማር ሰው «ጁክ»ን ሲለማመድ፣ በ«ኤ» የተቃኘች ሃርሞኒካ ይዞ ማረፊያውን «ኢ» ላይ ያደርጋል፤ ዋልተር እንዳደረገው።