ኤድዋርድ ሪኬትስ፤ ከመጽሐፉ ሽፋን የወረደ ስም

ይህ አጭር ጽሑፍ የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪውን የኤድዋርድ ሪኬትስን ሕይወት በመቃኘት፣ የሁለት ወዳጆች የጋራ ሥራ እንዴት የአንዱ ብቻ ሆኖ ሊታወቅ እንደሚችል ይመረምራል።

ሪኬትስ እ.ኤ.አ. በ1897 በቺካጎ ተወለደ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከሥነ ምኅዳር ሊቁ ዋርደር አሊ ቢማርም ዲግሪ ሳይዝ ወጣ። በ1923 ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በሞንተሬይ አካባቢ የባሕር እንስሳት ናሙና ለትምህርት ቤቶች በሚያቀርብ ቤተ ሙከራ መተዳደር ጀመረ። በ1939 ከጃክ ካልቪን ጋር ያሳተመው መጽሐፍ እንስሳቱን የመደበው በዝምድናቸው ሳይሆን በሚኖሩበት ስፍራ፣ ማለትም በዓለት፣ በአሸዋና በወደብ ምሰሶ ነው። ይህም ለዘመኑ አዲስ አካሄድ ነበር።

ከደራሲው ጆን ስታይንቤክ ጋር የተዋወቀው በ1930 ነው። በ1940 ሁለቱ ዌስተርን ፍላየር የተባለችውን የሰርዲን ማጥመጃ ጀልባ ተከራይተው ወደ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ተጓዙ። ስድስት ሳምንት ያህል፣ የባሕሩ ውኃ ከዳርቻው በሸሸ ቁጥር እየወረዱና ድንጋይ እየገለበጡ ናሙና ሰበሰቡ።

የጉዞው መጽሐፍ በ1941 በሁለቱም ስም ታተመ። ትረካውን የጻፈው ስታይንቤክ ቢሆንም ዋነኛ መሠረቱ ሪኬትስ በጉዞው ላይ የያዘው ማስታወሻ ነው። ነገሮች ለምን ሆኑ ከማለት ይልቅ እንዴት እንደሆኑ ማየት ይገባል የሚለው የመጽሐፉ ፍልስፍናዊ ምዕራፍም ከሪኬትስ ድርሰት የተወሰደ ነው። አሳታሚው የሁለቱን ድርሻ ለይቶ ለማስፈር ባሰበ ጊዜ ስታይንቤክ ሥራው የጋራ ነው ብሎ ተቃውሟል።

ሪኬትስ በግንቦት 1948 እ.ኤ.አ. መኪናውን ባቡር ገጭቶት ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። በ1951 ትረካው ከዝርያዎቹ ዝርዝር ተነጥሎ ዳግም ሲታተም በሽፋኑ ላይ የቀረው የስታይንቤክ ስም ብቻ ነበር። ስታይንቤክ ለሟቹ ረጅም መታሰቢያ ጽፎ በመጽሐፉ አካቷል፤ ሆኖም መታሰቢያው ሪኬትስን የሚያቀርበው እንደ ባለታሪክ እንጂ እንደ ጸሐፊ አይደለም። አስቀድሞም በ1945 የወጣው የስታይንቤክ ልብ ወለድ በዶክ ገጸ ባሕርይ አማካይነት ለብዙኃኑ አንባቢ አስተዋውቆት ነበር።

ስለዚህ ሪኬትስን ያደበዘዘው ጠላትነት አይደለም፤ እጅግ የወደደው ሰው ብዕር ነው። የጉዞ ትረካውን ለጥናት የሚጠቀም ተመራማሪ ወደ 1941ዱ እትም መመለስ ይኖርበታል፤ በዚያ የወዳጅነቱ ማስረጃ ከመታሰቢያው ይልቅ ጎን ለጎን የሰፈሩት ሁለቱ ስሞች ናቸው።