ሙሴ አልፍሬድ ኢልግና የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች

የእንጦጦ ራጉኤል ደብር በታነጸበት ዘመን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች መካከል አንድ ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ይገኝ ነበር። ይኸውም የአገሩ ሰው ሙሴ ኢልግ እያለ የሚጠራቸው አልፍሬድ ኢልግ ነበሩ። ዛሬ የጥንት ስልክ፣ ቴሌግራፍና ሬዲዮ የሚያሰባስብ ባለሙያ ሁሉ የእኚህን ሰው ታሪክ ሊያውቅ ይገባዋል።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ የምሕንድስና ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ በ1871 ዓ.ም. ከሁለት የአገራቸው ባለሙያዎች ጋር ሸዋ ገቡ። ንጉሡ ሥራቸውን ለመፈተን በመጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩ ማዘዛቸው ይነገራል። ፋብሪካም ሆነ የሠለጠነ ሠራተኛ በሌለበት፣ መለዋወጫም ከባሕር ማዶ በእንስሳ ጀርባ ተጭኖ በሚመጣበት አገር፣ መሐንዲሱ አንጥረኛም አናጢም አስተማሪም መሆን ነበረበት። በአዋሽ ወንዝ ላይ የሠሩት ድልድይና ከእንጦጦ ተራራ ወገብ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት በቧንቧ ያወረዱት ውሃ የዚህ ድካም ፍሬዎች ናቸው።

ስልክ ወደ አገሪቱ የገባው ራስ መኰንን በ1882 ዓ.ም. ግድም ከኢጣልያ ሲመለሱ ይዘውት በመጡት ዕቃ ነው። ከሽቦ ውስጥ የሰው ድምፅ ሲሰማ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው መቃወማቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱም መሣሪያው እንዲቆይ ማድረጋቸው በታሪክ ይነገራል። ነገር ግን ስልክ ብቻውን ሣጥን ነው። ባትሪው እንዳይደክም የሚጠብቅ፣ ምሰሶ የሚተክል፣ የተበጠሰ ሽቦ የሚቀጥልና ቃሉን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰው ያስፈልገዋል። በ1890 ዓ.ም. ግድም ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው መስመር ሲዘረጋ ይህ ሙያ አብሮ መተከል ጀመረ። ኢልግም በዚህ ጥረት ውስጥ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበሩ።

የምድር ባቡር ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለእርሳቸው ተሰጠ፤ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮችና ገንዘቦች በፓሪስ ሲዘጋጁም ድርሻ ነበራቸው። በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተብለው ተሾሙ። ከአድዋ ድል በኋላ ከመጡት የአውሮፓ ልዑካን ጋር በተደረገው ንግግርም የንጉሠ ነገሥቱ ቀኝ እጅ ሆነው ሠሩ። ይሁን እንጂ በባቡሩ ጉዳይ የመጣው የመንግሥታት ሽኩቻና የገንዘብ ጣጣ አደከማቸው፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራቸውን ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የልደት በዓል ዕለት፣ በዙሪክ ዐረፉ። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነበር።

ኢልግ ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው ዕቃዎችና ያነሷቸው ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ተጠብቀዋል። የእርሳቸው ስም የተረፈው የጻፉትና የሰበሰቡት ስለ ተጠበቀ ነው። ምሰሶውን በጫንቃቸው ተሸክመው የተከሉት፣ ቧንቧውን የቀበሩት፣ ሽቦውን ሌሊት በዝናብ የጠገኑት ኢትዮጵያውያን ግን አብዛኞቹ ስማቸው በመዝገብ አልሰፈረም።

እንግዲህ ትንሽ ቤተ መዘክር ለማቋቋም የሚነሣ ባለሙያ ከዚህ ሕይወት የሚማረው አለ። ያረጀ ስልክ ወይም የመጀመሪያ ዘመን ኮምፒዩተር በመስተዋት ውስጥ ቢቀመጥ የሚያሳየው መልኩን ብቻ ነው። ማን እንዳስመጣው፣ የት እንደ ተተከለ፣ ምን ሲበላሽበት በምን ዘዴ እንደ ተጠገነ አብሮ ካልተመዘገበ ግማሹ ታሪክ ጠፍቷል። ብረቱ ዝገትን ተቋቁሞ ብዙ ዘመን ይቆይ ይሆናል፤ የሠራተኛው ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። በየግምጃ ቤቱ የተጣሉትን መሣሪያዎች መሰብሰብ መልካም ነው፤ በእነርሱ የሠሩትን አረጋውያን ቃል መጻፍ ግን ለነገ የማይባል ሥራ ነው።