ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በትዕግሥት የፈለጉ መነኩሴ

የሕይወታቸውን መንገድ ዘግይተው ያገኙ፣ ካገኙትም በኋላ እስከ ሞት ድረስ የጸኑ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት አሉን። እርሳቸውም ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ምን መወሰን እንዳለበት ግራ ለገባው ክርስቲያን የእኚህ አባት ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ዓ.ም. በጎጃም፣ ዲቦ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ ይሁን እንጂ በቀረችው በአንዷ ዓይናቸው ብዙ ሰው በሁለት ዓይኑ ያላነበበውን መጽሐፍ አነበቡ። በመርጡለ ማርያም ገዳም ተምረው በዚያው መነኮሱ።

ምንኵስና ግን ለልባቸው ጥያቄ ፍጻሜ አልሆነም። የቀደሙት አባቶች የኖሩበት የገዳም ሥርዓት በዘመናቸው ስለ ምን ተዳከመ የሚል አሳብ ዕረፍት ነሣቸው። መልሱን ለማግኘት ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከዚያም ወደ ጎንደር እየተጓዙ መጻሕፍትን መረመሩ፤ ደቀ መዛሙርትንም አስተማሩ። በዚያን ጊዜ የሀገራችን ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ መቀባት ምሥጢር ቅባት፣ ጸጋና ካራ ተባብለው ተለያይተው ነበር። እርሳቸው ግን ክርክሩን ለማሸነፍ ሳይሆን እውነቱን ለማወቅ ጓጉ። ጸሎትና ጾም የዕለት ሥራቸው በሆነው በገዳም ሕይወት ውስጥ ጥያቄያቸውን እንደያዙ ብዙ ዘመን ቆዩ። በመጨረሻም መልስ ባገኝ ብለው ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ቆረጡ።

የመንገዱ በር የተከፈተላቸው ግን ባላሰቡት አኳኋን ነው። በ1841 ዓ.ም. የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞች ሲልኩ፣ አባ ገብረ ሚካኤል አብረው ተጓዙ። ከመልእክተኞቹ ጋር እንዲሄዱ የተጠየቁት ካቶሊካዊው ካህን አባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ኋላም አቡነ ያዕቆብ ተብለው የታወቁት ቅዱስ ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል በመጀመሪያ እኚህን የውጭ ሀገር ሰው በጥርጣሬ ተመለከቷቸው። ሆኖም በረጅሙ ጉዞ ትሕትናቸውንና ጸሎታቸውን ለማየት ጊዜ አገኙ። መልእክተኞቹ ከግብፅ አልፈው ሮማ ደረሱ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛም ተቀበሏቸው። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አባ ገብረ ሚካኤል ሮማን ስላዩ ብቻ ወዲያው አልወሰኑም። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ያዩትንና የሰሙትን መረመሩ፣ ጠየቁ፣ ጸለዩ። ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አንድነት የገቡት በ1844 ዓ.ም.፣ ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜ የተከበረ ሊቅ ስሙን፣ ወዳጆቹንና ማዕርጉን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ቀላል አልነበረም። እርሳቸው ግን የተሰጣቸውን ብርሃን ተከተሉ። በአዲግራት አጠገብ በምትገኘው በጓላ በተከፈተው ዘርዓ ክህነት አስተማሩ፤ መጻሕፍትን በማዘጋጀትም አቡነ ያዕቆብን ረዱ። በ1851 ዓ.ም.፣ ስልሳ ዓመት ሲሆናቸው፣ ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስናን ተቀበሉ።

የክህነታቸው ዘመን አጭር ሆነ። በ1854 ዓ.ም. ከባልንጀሮቻቸው ጋር በጎንደር ተያዙ። እምነታቸውን እንዲተዉ ቢገረፉም፣ እግራቸው በግንድ ቢታሰርም እሺ አላሉም። በ1855 ዓ.ም. ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ በንጉሡ ፊት ለፍርድ ቀረቡ፤ ሞትም ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንና ሌሎች ሰዎች ስለ ማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው አባት በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር ከቦታ ወደ ቦታ ተጓዙ። በዚያው በ1855 ዓ.ም. ክረምት በድካምና በበሽታ በመንገድ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት 3 ቀን 1926 ዓ.ም. ብፅዕናቸውን ዐወጁ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው የቀድሞ ቁስልን ለመቀስቀስ አይደለም። ዛሬ ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር በፍቅር እንኖራለን፤ አባ ገብረ ሚካኤልም የእውቀታቸውን መሠረት ያገኙት በዚያችው በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ጉያ ነው። ታሪኩን የምናነሣው ለዕለት ኑሯችን ስለሚጠቅመን ነው።

በአርባ ምንጭና በጋሞ ደጋ የሚኖር ወጣት ትምህርቱን ልቀጥል ወይስ እንደ ብዙዎቹ የዶርዜ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ሄጄ ልሥራ ብሎ ይጨነቃል። አንዲት ልጃገረድ ትዳርን ወይም የምናኔን ሕይወት በመምረጥ ታመነታለች። የቤተ ሰብ አባት መሬቱን ለማከራየት ወይም ራሱ ለማረስ ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል። ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለ ሰዓት እግዚአብሔር ፈጥኖ ምልክት እንዲያሳየን እንለምናለን፤ ምልክቱ ሲዘገይ ጸሎታችንን እናቆማለን። አባ ገብረ ሚካኤል ግን ጸሎት መልሱን እስክናገኝ ድረስ ከእግዚአብሔር ጋር መቆየት መሆኑን በኑሯቸው አሳይተውናል።

መቆየት ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። እርሳቸው እየጸለዩ መጻሕፍትን መረመሩ፣ የሚያውቁትን ጠየቁ፣ ረጅም መንገድ ተጓዙ። የጋሞ አባቶችም በዱቡሻ ተቀምጠው ጉዳይን ሲመረምሩ ሁሉ ተሰምቶ ነገሩ እስኪጠራ ድረስ አይቸኩሉም። እኛም በትልቅ ውሳኔ ፊት ስንቆም በየዕለቱ ጥቂት ጊዜ ለጸሎት እንለይ፤ ካህናችንን ወይም እምነቱ የበሰለ ሰውን እናማክር፤ ከዚያም ግልጽ የሆነልንን አንዱን እርምጃ እንራመድ። የሚቀጥለው እርምጃ በጊዜው ይገለጣል።

በተለይ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ወጣቶች ምክር ሊጠይቋችሁ ሲመጡ በእነርሱ ፈንታ ለመወሰን አትቸኩሉ። ይህን ታሪክ ንገሯቸው፤ አብራችኋቸውም ጸልዩ። ዘግይቶ የመጣው የአባ ገብረ ሚካኤል ውሳኔ በግርፋትና በሰንሰለት ሲፈተን ያልተናወጠው በረጅም ጸሎት ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። የብፁዕ አባታችን አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።